«አያ ጅቦ» ተብሎ የተሰደበው ሐውልት፦ የአደባባይ ጥበብና የሚለወጡት የአፍሪካ ከተሞች

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ሴቭ አድርጋችሁ ቆየት ብላችሁም ልታነቡት ትችላላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ «ዓ.ም» ካላልን በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1996 ካሜሩን ውስጥ፣ ዱዋላ ከተማ፣ ዴይዶ በሚባለው አደባባይ መሃል አንድ 12 ሜትር ቁመት ያለው ግዙፍ ሰው ቆመ። ነሐስም አይደለም፣ እምነ በረድም አይደለም። ከተጣለ ብረታ ብረት፣ ካረጀ ጎማና ከመኪና ዕቃ የተሠራ ነው። ቁራሌው ሲያየው ዓይኑ የሚበራበት ዓይነት ነገር። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሉል ይዟል።

የከተማው ሰው አላጨበጨበም። ይልቁንም «ንጁ ንጁ» የሚል ስም አወጣለት፤ ጭራቅ እንደ ማለት ነው። እኛ ሕፃን ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣልህ!» እንደምንለው። ይነሳልን የሚሉ ድምፆች በረከቱ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ።

ዛሬ ያ ሐውልት እዚያው ነው። ዱዋላ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ምስልም እሱ ነው። የተሰደበ ነገር እንዴት የከተማ መለያ ይሆናል? ተወዶ የተሠራውስ ለምን ይፈርሳል? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

▪️ መጀመሪያ፦ የአደባባይ ጥበብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአጭሩ፣ ትኬት ሳይቆረጥበት ሁሉም ሰው የሚያየው ጥበብ ነው። ሐውልት፣ የግድግዳ ሥዕል፣ ግራፊቲ፣ መንገድ ላይ የሚታይ ትርኢት፣ አንዳንዴም ድልድይና የውኃ ቦታ ሳይቀር።

ሙዚየም ውስጥ ያለን ሥዕል ካልወደድከው አትሄድም፤ በቃ። አደባባይ ላይ ያለውን ግን ታክሲ ስትይዝ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ለቅሶ ስትደርስ ታየዋለህ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አብሮት አለ፦ ቦታው የማን ነው? ማን ወሰነ? ማንን ጠየቁ?

የአፍሪካ ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ሰፈር ይነሳል፣ ፎቅ ይበቅላል። እና ይሄ ጥያቄ የአርቲስቶች ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የነዋሪውም ጉዳይ ነው።

▪️ ዱዋላ፦ ነገሩ ከመሬት ይጀምራል

ዱዋላ የካሜሩን ትልቋ ከተማና ዋና ወደብ ነች፤ ዉሪ በሚባለው ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። የዱዋላ ነገሥታት በ1884 ከጀርመኖች ጋር ውል ሲፈራረሙ መሬታቸው የራሳቸው እንደሆነ ይቀጥላል ተብሎ ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይቆይ ግን የጀርመን አስተዳደር አዲስ የከተማ ፕላን ይዞ መጣ። ነዋሪዎቹ ከወንዙ ዳር ተነስተው ወደ ውስጥ እንዲገቡ፣ የወንዙ ዳር ለአውሮፓውያን ብቻ እንዲሆን፣ በመሃል ደግሞ ማንም የማይኖርበት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ እንዲቀር የሚል ፕላን ነበር።

ይህን የተቃወሙት ንጉሥ ሩዶልፍ ዱዋላ ማንጋ ቤል ናቸው። ጀርመን አገር የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ጠመንጃ አላነሱም፤ ውሉን ጠቅሰው እስከ ጀርመን ፓርላማ ድረስ አቤት አሉ። መልሱ ግን የአገር ክህደት ክስ ሆነ። ነሐሴ 8 ቀን 1914 ከጸሐፊያቸው ንጎሶ ዲን ጋር በስቅላት ተገደሉ። ከወንዙ ዳር የተነሱት ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ዛሬም «ኒው ቤል» ይባላል።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ያለ ነገር አይደለም። በ1991 ዱዋላ ላይ «ዱዋል-አር» የሚባል የጥበብ ማዕከል ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ከእኚሁ ንጉሥ ዘር የሚወለዱት ማሪሊን ዱዋላ ቤል ናቸው፤ ሌላው ባለቤታቸው የሥነ ጥበብ ታሪክ ባለሙያው ዲዲዬ ሾብ ነበሩ። ማዕከሉ የተነሳበት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጥበብን ከአዳራሽ አውጥቶ ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ማድረስ፣ ከተማዋንም በዚያ በኩል ማየት።

እንደ ተጨማሪ መረጃ፦ በርሊን ውስጥ በቅኝ ገዥው ጉስታቭ ናህቲጋል ስም ይጠራ የነበረ አደባባይ በታኅሣሥ ወር 2022 «ማንጋ ቤል አደባባይ» ተብሎ ስሙ ተቀይሯል። ከ108 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

▪️ «አዲሱ ነጻነት»

ወደ ሐውልታችን እንመለስ። ትክክለኛ ስሙ «አዲሱ ነጻነት» ነው፤ የሠራው ካሜሩናዊው ዮሴፍ-ፍራንሲስ ሱሜኜ። ዱዋል-አር ነው ያሠራው።

ታዲያ ሰው ለምን ጠላው? ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም።

አንደኛ፣ የተሠራበት ነገር። «ለከተማችን የሚገባት ቆሻሻ ነው እንዴ?» የሚል ስሜት ነበር። የክብር ሐውልት ሲባል ሰው የለመደው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ነዋ።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሜሩን የመድብለ ፓርቲ ትግል ላይ ነበረች፤ ዱዋላ ደግሞ የተቃውሞው ዋና ማዕከል። ከተማ እስኪዘጋ ድረስ አድማ ይመታ ነበር። በዚያ ሰሞን «ነጻነት» የሚል ስም ያለው ግዙፍ ነገር መሃል አደባባይ ማቆም ፖለቲካ ያልሆነ ፖለቲካ ነው።

ሦስተኛ፣ የብሔር ነገር። ሱሜኜ ከምዕራብ ካሜሩን የመጣ ነው። «በእኛ መሬት ላይ የሌላ ሰው ምልክት ለምን ይቆማል?» የሚል ቅሬታ ተነሳ። ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም መቼስ።

ሐውልቱ ግን አልተነሳም። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ተቀየረ። ከሥሩ የሚቀጣጠር ሰው በዛ፣ አቅጣጫ መጠቆሚያ ሆነ፣ ልጆች እያዩት አደጉ። «ጭራቁ ጋ ወርደህ ደውልልኝ» እየተባለ እያለ ጭራቅነቱ ተረሳ። ልብ በሉ፣ በአዋጅ አልተወደደም። በልማድና በክርክር ነው የተወደደው። ክርክሩ ራሱ የሐውልቱ አንድ አካል ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ከተማ ተቃራኒውም ታይቷል። ቅኝ ገዥዎች ያቆሙትን የፈረንሳዊውን ጄኔራል ሌክሌርክ ሐውልት አንድ አክቲቪስት በተደጋጋሚ እየሄደ ጭንቅላቱን ሲቆርጥ፣ ሲታሰር፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲቆርጥ ኖሯል። አንድ ከተማ፣ ሁለት ሐውልት። አንዱን ነዋሪው ተከራክሮበት አቀፈው፤ ሌላኛው ለብዙ ሰው ዛሬም እንግዳ ነው።

▪️ ድልድይ፣ ድስት፣ ምንጭ

ዱዋል-አር ከሐውልቱ በኋላ የተማረው ነገር ያለ ይመስላል። ቀጥለው የመጡት ብዙዎቹ ሥራዎች «ቆሞ የሚታይ» ብቻ አይደሉም። ጥቂቶቹን እንይ፦

➖ የቤሳንጌ ድልድይ (2005)። አርቲስት አሊዩም ሙሳ የሠራው የእግረኛ መሻገሪያ ነው። ሰፈሩ ፕላን የሌለው፣ ጅረት የሚያቋርጠው ሰፈር ነው። ሰዉ የሚያስፈልገው መሻገሪያ ነበር፤ ጥበቡም መሻገሪያ ሆኖ መጣ። በየቀኑ የሚረገጥ ጥበብ ማለት ነው።

➖ የፓስካል ዓምድ (2010)። ፓስካል ማርቲን ታዩ ባለ ቀለም የብረት ድስቶችን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ ወደ ሰማይ የሰቀለው ዓምድ ነው፤ ኒው ቤል ውስጥ። በየቤቱ ያለ ድስት እንደ ሐውልት ከፍ ብሎ ሲቆም የሰፈሩ እናቶች ከማንም ማብራሪያ አይፈልጉም።

➖ የኒው ቤል ቃላት (2010)። ኤርቬ ያምገን የሰፈሩ ራፐሮች የጻፏቸውን ቃላት ወስዶ እዚያው ሰፈር ግድግዳ ላይ አሳረፋቸው። ከመሬታቸው የተነሱ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው ብለናል። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ቃል የሰፈሩ ግድግዳ ላይ ተጻፈ።

➖ የምንጩ ቴአትር (2013)። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ንዶግፓሲ በሚባል ሰፈር ሰዎች ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ ነበር። ቤልጂየማዊው ፊሊፕ አጊር ከነዋሪው ጋር ሆኖ ወደ ምንጩ የሚወርድ፣ እንደ ግማሽ ክብ ቴአትር የተደረደረ ደረጃ ሠራ። ጠዋት ጀሪካን ይዞ የሚመጣው ይቀዳል፤ ልጆች ደረጃው ላይ ይጫወታሉ፤ ሲፈለግ ደግሞ ትርኢት ይታይበታል።

እነዚህ ሥራዎች የመጡት በአብዛኛው በየሦስት ዓመቱ ገደማ በሚዘጋጀው የዱዋላ የከተማ ጥበብ መድረክ ነው፤ በ2007፣ በ2010፣ በ2013 እና በ2017 ተካሂዷል። የ2010ሩ ርዕስ ውኃ ነበር። ዱዋላ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት፣ ግን ንጹሕ ውኃ ማግኘት ለብዙ ሰፈር ፈተና የሆነባት ከተማ ነች። ርዕሱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

ቆይ ግን፣ ሁሉም ነገር ሰምሮ ነበር ወይ? አይደለም። በዚያ ዝናብና ወበቅ እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል። ሥራውን ማሠራት አንድ ነገር ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል የሚለው ሌላ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚገኘው ለምረቃው ነው። ለጥገናው ማንም ሪባን አይቆርጥም። ምንጩና ድልድዩ ግን አንድ ጥቅም አላቸው፦ ሲበላሹ መጀመሪያ የሚቸገረው ሰፈሩ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚጮኸውም ሰፈሩ ነው።

▪️ ዳካር፦ ከላይ የመጣና ከታች የመጣ

ሴኔጋል ሁለት በጣም የተለያዩ ምሳሌዎች አሏት።

የመጀመሪያው ከታች የመጣው ነው። በ1990 አካባቢ ዳካር ውስጥ ቆሻሻ የሚያነሳ ጠፍቶ ከተማዋ ስትበከል ወጣቶች በየሰፈራቸው ወጡ። ጠረጉ፣ አጸዱ፣ ከዚያ ግድግዳዎችን በሥዕል ሞሉ። የሃይማኖት አባቶችን፣ የታሪክ ሰዎችን፣ ስፖርተኞችን ሳሉ። እንቅስቃሴው «ሴት ሴታል» ይባላል፤ በወሎፍ ቋንቋ መጽዳትና ማጽዳት እንደ ማለት ነው። መንግሥት አላዘዛቸውም። ቀለሙንም ከሰፈር በተዋጣ ነው ብዙዎቹ የገዙት።

ሁለተኛው ከላይ የመጣው ነው። በሚያዝያ 2010፣ አገሪቱ ነጻነቷን ያገኘችበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ ውቅያኖሱን በሚያይ ኮረብታ ላይ «የአፍሪካ ህዳሴ» ሐውልት ተመረቀ። 49 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነሐስ ነው፤ አባት፣ እናትና ልጅ። ሐሳቡ የፕሬዝዳንት አብዱላይ ዋድ ነበር፤ የሠራው ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ድርጅት። ወጪው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እያማረረ ይሄ ሁሉ ብር ለምን? የሚል ተቃውሞ ተነሳ። የእስልምና መምህራን የሴቷን መራቆት ነቀፉ። ዋድ በበኩላቸው «ሐሳቡ የእኔ ስለሆነ ከገቢው 35 በመቶ ይገባኛል» ማለታቸው ነገሩን አባሰው።

ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል፣ ቱሪስት ይሄድበታል፣ ሴልፊ ይነሱበታል። የሴት ሴታል ሥዕሎች ደግሞ ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ የቀለም ዕድሜው አጭር ነው። ግን ግድግዳ የመሳል ልማዱ በዳካር ቀረ። የትኛው ነው «የቆየው»? መልሱን ለእናንተ እንተወው።

▪️ ካይሮ፦ ከሩቅ ብቻ የሚነበብ ጽሑፍ

መንሺየት ናስር በካይሮ ሙቀጠም ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የከተማዋን ቆሻሻ ሰብስበው፣ ለይተው፣ መልሰው ጥቅም ላይ የሚያውሉ የኮፕት ክርስቲያኖች ናቸው። ከተማው በእነሱ ጉልበት ይጸዳል፤ መልሶ ግን «የቆሻሻ ሰዎች» ይላቸዋል።

በ2016 ቱኒዚያዊ ዝርያ ያለው ፈረንሳዊ አርቲስት ኤል ሲድ ከቡድኑ ጋር ሄዶ፣ የሰፈሩን ካህን አስፈቅዶ፣ 50 በሚሆኑ ሕንፃዎች ላይ አንድ ጽሑፍ በትኖ ሳለ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ካያችሁት የተቆራረጠ ቀለም ብቻ ነው። ሙሉውን ለማንበብ ተራራው ላይ መውጣት አለባችሁ። መልእክቱ ማየት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የራሱን ዓይን እንዲያጸዳ የሚመክር ነው፤ የእስክንድርያው የቅዱስ አትናቴዎስ ቃል ነው ይባላል። አዎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾመው ወደ እኛ የላኩት እኚያው አትናቴዎስ።

እዚያው ካይሮ ከ2011 አብዮት በኋላ በመሐመድ ማህሙድ ጎዳና ላይ የሞቱ ወጣቶች ፊት ተስሎ ነበር። በመስከረም 2012 ግድግዳው በነጭ ቀለም ሲለቀለቅ አርቲስቶች ወዲያው መጥተው እንደገና ሳሉበት። ካርቱም ላይ በ2019 በወታደራዊው ጠቅላይ መምሪያ ዙሪያ በተቀመጡት ተቃዋሚዎች የተሳሉት ሥዕሎችም ሰልፉ በሰኔ ወር በኃይል ከተበተነ በኋላ በቀለም ተሸፍነዋል። ቀለም ዝም ብሎ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ማንም ሮጦ አይቀባበትም ነበር።

▪️ ጆሃንስበርግ፦ ሥዕሉ ሲመጣ ኪራዩም ይመጣል

ይሄ ለከተማ ወጣት ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ከ2009 ጀምሮ ጆሃንስበርግ መሃል የተተዉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ታድሰው «ማቦኔንግ» የሚባል ሰፈር ተፈጠረ። ጋለሪ፣ ካፌ፣ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕል፣ የእሁድ ገበያ። ለፎቶ የሚያምር ነው። ግን በአካባቢው በርካሽ ይኖር የነበረው ሰው ምን ሆነ? የሚለው ጥያቄ ቶሎ መጣ። ኪራይ ሲጨምርና ጥበቃ በር ላይ ሲቆም ሰፈሩ ለአሮጌው ነዋሪ እንግዳ ሆነ ብለው የተቹ ብዙ ናቸው። በ2019 ደግሞ ከሕንፃዎቹ በርካቶቹ ለጨረታ ወጡ።

ትምህርቱ፦ የግድግዳ ሥዕል አንዳንዴ «ይሄ ሰፈር ሊወደድ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። አርቲስቱ ሳያውቀው።

▪️ ወደ ቤታችን፦ አዲስ አበባ

እኛስ? የአዲስ አበባን ሐውልቶች ብቻ ይዛችሁ የመቶ ዓመቱን ታሪክ ማንበብ ትችላላችሁ። የአፄ ምኒልክን ሐውልት ጣሊያን አንስቶ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የሌኒን ሐውልት በደርግ ጊዜ ቆመ፤ ደርግ ሲወድቅ በ1983 ዓ.ም አብሮ ወደቀ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የካርል ማርክስ ግን አለ፤ ማንም የነካው የለም። በ1977 ዓ.ም የተመረቀው የትግላችን ሐውልትም አለ። እሱንም የሠሩት የዳካሩን የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን መሆናቸውን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የአቡነ ጴጥሮስ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በፋሺስት ጥይት የተገደሉ ሰማዕት ናቸው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልታቸው ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሲወሰድ ከተማው ተከፋ። መንግሥት «ይመለሳል» አለ፤ ብዙ ሰው አላመነም። ባቡሩ ከሥር በመሿለኪያ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሐውልቱም በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመለሰ። የተመለሰው እንዲሁ አይመስለንም። ሰው ይጠይቅ ነበር። «የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ነዋሪ ያለው ሐውልት በቀላሉ አይጠፋም።

አሁን ከተማችን እንደገና ሌላ መልክ እየያዘች ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው አካባቢ በኮሪደር ልማቱ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ ወንበርና ፏፏቴ መጣ። በዚህ የተደሰተ አለ፤ ያደገበት በረንዳ ጠፍቶበት ያዘነ አለ። ሁለቱም የከተማው ሰው ነው። ዱዋላ የምታስተምረን፣ አዲስ ነገር ሲቆም የድሮው ነዋሪ ታሪክ አብሮ ቦታ ካላገኘ ቦታው ያምራል እንጂ የማንም አይሆንም የሚለውን ነው።

▪️ በአጭሩ፦ ሰፈራችሁ ላይ ሐውልት ወይም ሥዕል ሲመጣ የምትጠይቋቸው 5 ጥያቄዎች

1. ማን ወሰነ? ነዋሪው የሰማው ከመሠራቱ በፊት ነው ወይስ በምረቃው ቀን?
2. የማንን ታሪክ ይናገራል? ከቦታው የተነሱትንስ ያስታውሳል?
3. ለምን ያገለግላል? መቀመጫ፣ ጥላ፣ ውኃ፣ መሻገሪያ፣ መገናኛ ይሆናል?
4. ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል? በጀት አለው?
5. ከሱ በኋላ ኪራይ ማን ይከፍላል? እዚያ የነበረው ሰው እዚያው መኖር ይችላል?

አምስቱንም የሚያሟላ ሥራ ብዙ አታገኙም። የምንጩ ቴአትር ይቀርባል። ብዙዎቹ አንዱን ይዘው አራቱን ይጥላሉ። ግን ጥያቄው መኖሩ ራሱ ለውጥ ያመጣል። «ጭራቁ» የከተማው መለያ የሆነው ሰዉ ሁሉ ዝም ስላለ ሳይሆን ለዓመታት ስለተከራከረበት ነው።

እናንተስ? በየቀኑ እያለፋችሁበት አንድም ቀን ቀና ብላችሁ ያላያችሁት ሐውልት ወይም ሥዕል ሰፈራችሁ አለ? ዛሬ ስታልፉ ቆም ብላችሁ ፎቶ አንሱት። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደቆመ በዕድሜ የገፉ የሰፈራችሁን አባቶችና እናቶች ጠይቁ። የሰማችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ የተሰበሰበውን በሌላ ጽሑፍ ይዘን እንመለሳለን።